ከረባዳው የወጣ ጨው

በሰሜኑ በረዷማ ባሕር ዳር ባለችው መንደር በኩማህ ቱሙስ ለሰው የሚነገር ትልቁ መልካም ቃል «የእናንተ ቤት ገና ነው» የሚል ነው። ይህ ቃል የማይነገርለት ቤት ዕቃው ወጥቶ፣ መስኮቱ ተነቅሎ፣ የባሕሩ ገደል አፋፍ ላይ ተራውን የሚጠብቅ ነው። በየበጋው ማዕበሉ የገደሉን እግር ይልሰዋል፤ በአፈሩ ውስጥ የተኛው በረዶ ይቀልጣል፤ ከላይ ያለው መሬት ሣሩን እንደተሸከመ ቁልቁል ይወርዳል። ባለፈው መኸር የሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ የሮዲዮን የመረብ መጋዘን እንዲሁ ወረደ። ሮዲዮን መረቦቹን አስቀድሞ አውጥቶ ስለነበር «ባዶውን ነው የበላው፣ አይጠግብም» ብሎ ቀለደ። ሰዉም አብሮት ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ ለባሕርም ይሠራል።

መንደሩ መነሳት እንዳለበት ክርክር የለም። ክርክሩ ወዴት በሚለው ላይ ነበር፤ እሱም ቢሆን ካለቀ ቆይቷል። ከመንደሩ ጀርባ ሰፊ ረባዳ አለ። ድሮ ሐይቅ ነበር፤ አያቶች ውሃውን ጠጥተውታል፤ አንድ በጋ ዳሩን ሸርሽሮ ፈሰሰና አለቀ። አሁን ሣርና የዱር ዝይ ብቻ ነው ያለበት። ሜዳ ነው፣ ከነፋስ የተከለለ ነው፣ ጀልባ ለሚጎትት ሰውም አይርቅም። የአውራጃው ሹማምንት የመሬቱ ምርመራ ካልከለከለ ቤቶቹ እዚያ እንዲሠሩ፣ ከከለከለ ግን መንደሩ ፈርሶ ሰዉ በየከተማው ባዶ ክፍል ወደተገኘበት ፎቅ እንዲበተን ወሰኑ። ሦስተኛ ምርጫ አላስቀመጡም። ሹም ሦስተኛ ምርጫ አይወድም።

መርማሪዋ ኩንኔይ ሆነች። ኩንኔይ የሮዲዮን የእህት ልጅ ናት፤ እዚያው መንደር ተወልዳ ያኩትስክ ከተማ የተማረች፣ አሁን ለዘመናት በረዶ ሆኖ ከኖረው መሬት ውስጥ ደለል እያወጣች ቦታው በጥንት ዘመን ምን እንደነበር የምታጠና ሴት። ሰዉ ስሟን ሲሰማ «የራሳችን ልጅ ናት» ብሎ ልቡን አሳረፈ። ኩንኔይ ደግሞ ይህንኑ ስትሰማ ከበዳት። ዳኛው ዘመዱ የሆነ ሰው ፍርዱን ቀድሞ የሰማው ይመስለዋልና።

በሚያዝያ፣ መሬቱ ገና ድንጋይ ሳለ፣ ረባዳው መሐል መሰርሰሪያ ተተከለ። እየተሰረሰረ የወጣው ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የደለል ዘንግ ነው፤ ጥቁር ጭቃ፣ ያረጀ ሣር፣ አሸዋ፣ በመካከሉ እንደ ክር የተሰመረ በረዶ። ላዩ የቅርብ ዘመን ነው፣ ታቹ የሩቅ። ኩንኔይ እያንዳንዱን ዘንግ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቃ ከጥልቅ የወጣውን ከታች፣ የላዩን ከላይ አድርጋ በሣጥን ደረደረችና ሄሊኮፕተሩ እስኪመጣ በመንደሩ የበረዶ ጓዳ፣ በአጎቷ ክፍል ውስጥ አሳደረቻቸው። ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ አንዱን ግማሽ ይዛ ሄደች፤ ሌላው ግማሽ ለመጠባበቂያ እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ጓዳ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በኮረብታው ሆድ የተቆፈረ አንድ ዋሻ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በውስጡ ክፍል አለው፤ የክረምቱ ዓሣ፣ ማለትም የክረምቱ ነፍስ፣ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ስለዚህ ሕጉ ከአውራጃው ሕግ ይከብዳል። በር ሳይዘጋ የወጣ፣ በርሜል ያፈሰሰ፣ የሌላውን ስንቅ ያበላሸ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ይላል። ካለ በኋላ አበቃ። እንዴት፣ መቼ፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ያመነን ሰው ሁለተኛ መጠየቅ ምግቡ ላይ እንደ መትፋት ይቆጠራል። ሕጉ ብልህ ነው፤ ሰው ከፈራ ይደብቃል፣ ከደበቀ ደግሞ የሁሉም ዓሣ ይሸታል።

በሐምሌ ኩንኔይ ተመለሰች። ውጤቱን አስቀድማ ለመንደሩ አስተዳዳሪ ለማትሪዮና ያኮቭሌቭና ልካላት ነበር፤ ማትሪዮና ደግሞ ሰፊ ትከሻ እንጂ ጠባብ አፍ የላትም። ስለዚህ ሕዝቡ አዳራሽ የገባው ፊቱን እንዳጨፈገገ ነው።

«ረባዳው ሐይቅ ከመሆኑ በፊት ባሕር ነበር» አለች ኩንኔይ። «ከላይ ያለው ደለል ጥሩ ነው። ከስሩ ያለው ግን ጨው አለው። ጨው ያለበት መሬት እንደ ሌላው መሬት በብርድ አይጠነክርም። የቤት ምሰሶ ብትተክሉበት መጀመሪያ ይይዛል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል።»

«ቀስ ማለት እስከ መቼ ነው?» አለች ማትሪዮና።

«በእርግጠኛነት አልናገርም። አምስት ዓመት፣ ቢበዛ አሥር። ክረምቱ እንዲህ እየለዘበ ከሄደ ቶሎ።»

«አያቴ ዕድሜ ልኩን በዚያ ውሃ ሻይ አፍልቶ ኖረ» አለ አንዱ ከኋላ። «ጨው ቢኖርበት አንድ ቀን እንኳ አያማርርም ነበር? በሾርባ ጨው ምክንያት ሚስቱን ሊፈታ የደረሰ ሰውዬ እኮ ነው።»

ሳቅ ተነሳ። ኩንኔይም ፈገግ አለች። «አያትህ የጠጣው የላዩን ነው። እኔ የማወራው ከስሩ ስላለው ነው።»

ያኔ ሮዲዮን ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ሮዲዮን ኮፍያውን የሚያወልቀው ለቀብር ነው። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ። «በሚያዝያ ሣጥኖቹ ጓዳዬ ሳሉ ሙክሱን ዓሣ በጨው የዘፈዘፍኩበት በርሜል ፈሰሰ። ታች የነበሩት ሣጥኖች በጨው ውሃ ራሱ። ጠርጌ ዝም አልኩ። አፈር አይደል፣ ምን ይሆናል ብዬ። የልጅቷ መሣሪያ የቀመሰው የእኔን ዓሣ ነው እንጂ ባሕር አይደለም።»

አዳራሹ ትንፋሹን ለቀቀ። ሌላው ሰው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ያላክካል፤ ሮዲዮን ግን የባሕርን እከክ ወደ ራሱ አላከከ፤ ማንም አልጠየቀውም፣ ሕጉ አይፈቅድምና። ጎረቤቱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«እንግዲህ ያመነ አምኗል» አለች ማትሪዮና። ወደ ኩንኔይ ዞረች። «ውጤቱን ትሰርዢዋለሽ?»

«ታችኞቹ ዘንጎች ተበላሽተው ከሆነ እሰርዘዋለሁ።»

«ከሆነ?» አለ አንድ ሽማግሌ ፊቱን አጥቁሮ። «ሰውየው እኮ አምኗል፣ ልጄ።»

«አዎ፣ አምኗል» አለች ኩንኔይ፤ አቀርቅራም ተቀመጠች።

ደስ ብሏት ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ያኩትስክ ላቦራቶሪ ውስጥ የመሣሪያውን ቁጥር ያየች ቀን ምግብ አልወረደላትም ነበር፤ አሁን ማትሪዮና ቤት ቁጭ ብላ የተቀቀለ ሙክሱን እስኪበቃት በላች። የበርሜሉ ታሪክ የሚታመን ነው። በርሜል ይፈሳል፣ ሽማግሌ ያፍራል፣ ጨው ይሰርጋል። ውጤቱ ከተሰረዘ ረባዳው ይፈቀዳል፣ መንደሩ እንዳለ ይነሳል፣ እሷም በየበጋው የምትመጣበት ቦታ ይኖራታል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጥቂት የዓሣ ጨው ነው።

በማግስቱ ወደ ጓዳው ወረደች። ሐሳቧ ከታችኞቹ ዘንጎች የሚተርፍ ነገር ካለ ለይታ የቀረውን ለመጣል ነበር። ባትሪዋን ሣጥኖቹ ላይ አበራች። እውነትም ነጭ የጨው ቅርፊት ሠርተዋል፤ የዓሣው ሽታ ያፍናል። ታችኞቹን ለማውጣት ከላይ ያለውን ሣጥን ብድግ ስታደርግ እጇ ረጠበ። ላይኛውም ሣጥን በጨው ውሃ ርሷል። ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ሁሉም።

ሣጥኑን እንደያዘች ቆመች። የላይኞቹ ዘንጎች ግማሽ ያኩትስክ ነው ያለው፤ ያ ግማሽ ደግሞ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው፣ የጨው ዘር የለበትም። በሚያዝያ ሁለቱ ግማሾች እዚሁ ጎን ለጎን ነበር ያደሩት። በርሜሉ ያኔ ፈስሶ ቢሆን አንዱን አርሶ ሌላውን አይተውም። ጨው ውሃው የፈሰሰው አንዱ ግማሽ ከሄደ በኋላ ነው ማለት ነው፤ በርሜልም በራሱ ጊዜ ከፍ ብሎ የላይኛው ሣጥን ላይ አይወጣም። ሲበዛ ማር ይመራል ይላሉ። ሮዲዮን ለታችኞቹ ብቻ ጠብ አድርጎ ቢመለስ ኖሮ እህቱ የወለደቻት ልጅ ዘንጎቹን ጥላ፣ አመስግናው ትሄድ ነበር።

እዚያው ሣጥኑን መልሳ መውጣት ትችል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው፤ መንደሩ ግማሹ ሳያውቅ አልቀረም፣ እሷም አብራ ታውቅና ትተወዋለች። ግን ደግሞ አጎቷ መዋሸቱ መሬቱን ጨዋማ አያደርገውም። ጨው አፍስሶ የሸፈነው ደለል ከውስጡ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያውም ያኩትስክ ላይ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ተስፋ ይዛ ነው መጋዝ ያመጣችው።

ትምህርት ቤቱ ለበጋ ተዘግቶ ስለነበር ወጥ ቤቱን ከፈተችና ሥራዋን ዘረጋች። ከላይኛው ዘንግ ቆርጣ እንደ ድንች ላጠችው፤ ልጣጩን በአንድ ብርጭቆ፣ እምብርቱን በሌላ አድርጋ አቀለጠች። ልጣጩ ጨው፣ እምብርቱ ንጹሕ። ልቧ ዘለለ። ከታችኛው ዘንግ ቆርጣ ላጠች። ልጣጩ ጨው፣ እምብርቱም ጨው። ምናልባት ሰርጎ ይሆናል ብላ እንደገና ላጠችው፤ አውራ ጣት የምታህል እስክትቀር ድረስ። ያቺም ጨው ናት። የቀረውን ጭቃ በወንፊት አጥባ ያለፈውንና የቀረውን ለየች፤ በወንፊቱ ላይ የቀረውን ዱቄት የመሰለ ነገር ከተማሪዎች ክፍል ባገኘችው ማይክሮስኮፕ አየችው። ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ ዛጎሎች ነበሩ፤ ነጭ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዙ። እንደነዚህ ያሉት የሚኖሩት ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ነው። በሙክሱን በርሜል ውስጥ አይፈለፈሉም።

ለልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ተቀምጣ ተናደደች፤ በአጎቷ ሳይሆን በዛጎሎቹ። ስንት ሺህ ዓመት ዝም ብለው ተኝተው፣ ይቺን አንድ በጋ ዝም ማለት አቃታቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በሐምሌ ግን እዚያ አገር ፀሐይ አትጠልቅም፣ የሚነጋም ነገር የለም። ኩንኔይ ማደር ሳያስፈልጋት ተነስታ ወደ አጎቷ ሄደች።

ሮዲዮን ከቤቱ ጎን ተቀምጦ ዓሣ ይከፍታል። «ሻይ አለ» አለ ቀና ሳይል።

«አልጠማኝም። አጎቴ፣ ሁለተኛ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ቢላዋው ቆመ። «እናትሽ በሕይወት ኖራ ይሄን ብትሰማ ምን ትል ነበር?»

«ታፍርብኝ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ልጠይቅህ ነው። በርሜሉ መቼ ነው የፈሰሰው?»

«በሚያዝያ ነው አልኩ እኮ።»

«በሚያዝያ ቢሆን የወሰድኩትም ግማሽ ይርስ ነበር። የላይኞቹ ዘንጎች ያኩትስክ ንጹሕ ናቸው። እዚህ በጨው ተለውሰዋል።»

ሮዲዮን ዓሣውን ገልብጦ አየው፤ የሚለው ነገር ዓሣው ላይ የተጻፈ ይመስል። «የላይኞቹን ተዋቸው ብዬ ነበር ለራሴ» አለ በመጨረሻ። «እጄ አልቆም አለኝ። ደግሞስ አፈር በምን ይለያል? ሁሉም ጥቁር ነው።»

«ማትሪዮና ውጤቱን ስትነግርህ ነው ያፈሰስከው?»

«እሷ ከደጃፌ ሳትርቅ ነው ወደ ጓዳው የወረድኩት።» ቢላዋውን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ከተማ ሄጄ ምን ልሠራ ነው? አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ የጎረቤት ካልሲ ሲደርቅ ልይ?»

«ከታችኛው ደለል ውስጥ የባሕር ዛጎል አገኘሁ። ረባዳው ላይ ቤቱ ይጎብጣል፣ አጎቴ።»

«እኔስ ጎብጬ የለ? እንስማማለን። አሥር ዓመት አልሽ አይደል? አሥር ዓመት ይበቃኛል፣ ይተርፈኛልም።»

«ለማትሪዮና የልጅ ልጆችስ ይበቃቸዋል? ምሰሶው ሲለቅ ሌላ መንደር የሚሠራላቸው የለም። የሚሠሩት አንዴ ነው። ያኔ እንኳን አብሮ ለመኖር፣ ለመበተንም የሚረዳቸው አያገኙም።»

ውሻው የዓሣ አንጀት ሰርቆ ሄደ፤ ሮዲዮን አልተቆጣውም።

«በሆድሽ ብትይዢውስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ አምኛለሁ። አንቺም ዝም ብለሻል። የሚጠይቅ የለም። ሕጉ ይሸፍነናል።»

«ሕጉ እኮ ዓሣው እንዳይሸት ነው የወጣው።»

ሮዲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗን አያት። ካደገች ጀምሮ እንደዚያ አይቷት አያውቅም፤ እንደ ልጅም፣ እንደ ዘመድም አይደለም። «እሺ፣ ዛጎል ያልሽውን አሳዪኝ» አለና እጁን ታጠበ።

ትምህርት ቤት ወሰደችው። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ አንዱን ዐይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ሌላውን ጨፍኖ ደግሞ ቆየ።

«ይቺ ናት መንደር የምታፈርሰው?»

«እሷ ምስክር ብቻ ናት።»

«ዋጋ የሌላት ነገር» አለ። «ለሾርባ እንኳ አትሆን።»

ሁለተኛው ስብሰባ አጭር ነበር። ኩንኔይ አፏን ሳትከፍት ሮዲዮን ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ። «በሚያዝያ አይደለም፣ ሰሞኑን ነው። በርሜሉም አይደለም፣ እጄ ነው። በሚያዝያ ያኩትስክ የሄደውን አፈር ማንም አልነካውም። የታችኛው ጨው ከራሱ ከመሬቱ ነው።»

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲያምን በዚያ መንደር ታይቶ አይታወቅም፤ ሕጉም ስለዚህ የሚለው ነገር የለውም። ባለፈው ኩንኔይን የገሠጻት ሽማግሌ ወለሉን ያያል። ከዚያ ኩንኔይ ስለ ልጣጩና ስለ እምብርቱ ተናገረች፤ ማንም ጥያቄ አልጠየቀም። ማትሪዮና ብቻ «እንግዲህ የልጅ ልጆቼ ፎቅ መውጣት ይማሩ» ብላ ተነሳች።

ኩንኔይን የሰደባት የለም። ሰላምታ ግን ቀረባት። በልጅነቷ ካልሲ የሠራችላት አንዲት ሴት መንገድ ላይ ስታያት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ኩንኔይ ይህን አስቀድማ ታውቀው ነበር፤ አውቃውም አመማት። ትክክል መሆኗ ልቧን ምንም አላሞቀውም።

በመስከረም የጭነት መርከብ መጣ። ኩንኔይ ልትረዳ ብላ ተመልሳ ነበር፤ እርዳታዋን የሚቀበል ግን አላገኘችም፣ ከአጎቷ በቀር። ሮዲዮን ምድጃውንና መረቦቹን አስጭኖ አንድ ሣጥን ብቻ ቀርቶታል። ባሕሩ ዳር ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ሰዉ ግማሹ መርከቡ ላይ ወጥቷል፣ ግማሹ ተራ ይጠብቃል።

«ለመሆኑ» አለ፣ «ባሕሩ ረባዳው ውስጥ የገባው መቼ ነው?»

የዕድሜው ምርመራ ያለቀው በዚያው ሳምንት ነበር። «የዛሬ ስድስት ሺህ ዓመት ግድም።»

«ብዙ ቆየ?»

«ዘጠኝ መቶ ዓመት አካባቢ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ማዕበሉ ራሱ አሸዋ እየከመረ አፉን ዘጋው። የዝናብና የበረዶ ውሃ እየገባበት ውሃው ጨውነቱ ለቀቀና ሐይቅ ሆነ።»

«ማንም ሳያባርረው?»

«ማንም ሳያባርረው።»

ሮዲዮን ይህን አንገቱን ነቅንቆ ተቀበለ። ቀጥሎ ወደ መርከቡ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ማትሪዮና ያኮቭሌቭና፣ የእኔን ቦታ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ። ባሕሩ ዘጠኝ መቶ ዓመት ነው አሉ የሚቆየው።»

«እሺ፣ አስቀምጥልሃለሁ» አለች ማትሪዮና ከላይ።

መርከቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ኩንኔይን ሰላም የማይሏትም ሳቁ፤ ያቺ ካልሲ የሠራችላት ሴት ደግሞ እየሳቀች ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ኩንኔይ መሳቅ አልቻለችም። ሁሉም የሚሄዱት እሷ በተናገረችው ቃል ነው፤ ቃሉ እውነት ነው፤ አገሯም ይኸው አለቀ። ዕንባዋን አጎቷ እንዳያይ ወደ ገደሉ ዞረች።

አጎቷ ግን አይቷል። ሣጥኑን ተሸክሞ በአጠገቧ ሲያልፍ ጠጋ አለ።

«ባሕሩ ሲሄድ ጥሪኝ» አለና ወደ መርከቡ ወጣ።